ከእንሰት ቅጠል የወረደው ውሃ

ዝናብ ሊጥል ሲል ፈቲሀ ወሬዋን ታቋርጣለች። በእጇ የያዘችውን ታስቀምጥና ወደ በሩ እያየች «ሃፊዛ የታለች?» ትላለች። ልጅቷ ከጎኗ ተቀምጣ ብትሆን እንኳ ትጠይቃለች።

«ይህችውልሽ፣ አጠገብሽ» እላታለሁ።

አታምነኝም። እጇን ሰዳ የልጅቷን ፀጉር እስክትዳብስ ድረስ ፊቷ አይመለስም። ጎረቤቱ ነጎድጓድ ትፈራለች ብሎ ያወራል። ነጎድጓድ አይደለም። እሷም እኔም የምንፈራው ከነጎድጓዱ በኋላ የሚመጣውን፣ ድምፅ የሌለውን፣ በቅጠል ላይ ቀስ ብሎ የሚወርደውን ነው።

ፈቲሀ የታናሽ እህቴ ልጅ ናት። የተወለደችው ደርግ በወደቀበት ዓመት፣ ወታደሩ መሣሪያውን እየጣለ በቡታጅራ መንገድ በሚያልፍበት ሰሞን ነው። እህቴ ስታምጥ በሩን በግንድ ደግፈን፣ ጩኸቷ እንዳይሰማ ሻርፕ አስነክሰናት፣ እኔ በግድግዳው ቀዳዳ መንገዱን እጠብቅ ነበር። ማንም አልነካንም። አንድ ወታደር ብቻ ከአጥሩ ውጭ ቆሞ ውሃ ለመነን። ሰጠነው፣ ጠጥቶ ጣሳውን አጥሩ ላይ ሰቅሎ ሄደ። በዚያ ቀን የገባብኝ ፍርሃት ግን ከዚያች ልጅ ጋር አብሮ አደገ።

እህቴ ልጇ መሄድ ሳትጀምር ታማ ሞተች። አባትየው ቆላ ወርዶ ቆሼ ላይ በርበሬ ማረስ ጀመረ፣ እዚያው ሌላ አገባ። ፈቲሀን እኔ ወሰድኳት። ልጄ ሙባሪክ ከእሷ ትንሽ ይበልጣል፤ በአንድ ቁርበት ላይ ተኝተው፣ ከአንድ ሳህን በልተው አደጉ። ሁለቱም እማ ነው የሚሉኝ።

ቤታችን ከቡታጅራ ከተማ ወጣ ብሎ ነው። ከጀርባው እንሰት አለ። ያኔ ጥቅጥቅ ያለ ነበር፤ በዝናብ ቀን ከጓሮ በር ላይ ሆነህ ስታየው ቅጠሉ ሁሉ እየተነቀነቀ የሚያወራ ይመስል ነበር። ልጆቹ ወደ ውጭ እንዳይወጡ ስለምከለክል እዚያው በር ላይ ቁጭ ብለው የጠብታ እሽቅድድም ይጫወታሉ። ዝናቡ ሲያባራ እያንዳንዳቸው ቅጠሉ ላይ አንድ ጠብታ ይመርጣሉ፤ ቀድማ ጫፍ የደረሰችው ታሸንፋለች። ሙባሪክ ሁልጊዜ ወፍራሟን ነው የሚመርጠው። ፈቲሀ አትቸኩልም። አገጯን በእጇ ደግፋ ታያለች፣ ታያለች፣ ከዚያ አንዲት የማትረባ ጠብታ ትመርጣለች።

«ያቺን ነው? ያቺማ ተኝታለች» ይላታል።

«ትነሳለች። ያንተ ወፍራም ናት እንጂ መንገድ የላትም። የኔዋ ከበላይዋ ካሉት ጋር ትገናኝና በመሀል ጅማቱ በኩል ትወርዳለች።»

እንዳለችው ይሆናል። ሙባሪክ ሲሸነፍ ቅጠሉን ያርገፈግፈዋል፤ ያን ጊዜ ታለቅሳለች። ስለ ጨዋታው አልነበረም የምታለቅሰው። «ሳይደርሱ ጣላቸው» እያለች ነበር።

ትምህርት ዘግይታ ነው የጀመረችው፤ በእኔ ምክንያት። መንገዱን እፈራ ነበር፣ መኪናውን እፈራ ነበር፣ ጅቡን እፈራ ነበር። ከጀመረች በኋላ ግን የሚያቆማት አልተገኘም። በተለይ በሒሳብ። ቡታጅራ ሁለተኛ ደረጃ ስትማር መምህሮቿ እየጠሩኝ «ይህችን ልጅ ቤት አታስቀሪያት» ይሉኝ ነበር። ወልቂጤ ላይ ዩኒቨርሲቲ ተከፈተ ሲባል ከመጀመሪያዎቹ ተማሪዎች ጋር ተመደበች። ሰው እንኳን ደስ አለሽ ሲለኝ እኔ የማስበው ስለ መንገዱ ነበር። በአገና በኩል የሚያቋርጠው መንገድ ያኔ ኮረኮንች ነው፤ ተራራው ላይ ጉም ከተኛ ሚኒባሱ ከፊቱ ያለውን አያይም። በሄደችና በመጣች ቁጥር «ደረስኩ» የሚለው ስልኳ እስኪመጣ እህል አይወርድልኝም ነበር።

ልትመረቅ ጥቂት ወራት ሲቀሯት ለጥር እረፍት መጣች። መርፌው የወለቀ ስሪንጅ ይዛ ከእንሰቱ ሥር ቁጢጥ ብላ፣ ቅጠሉ ላይ አንዳንድ ጠብታ እያስቀመጠች በሞባይሏ ፎቶ ታነሳለች። ከዚያ ቅጠሉን ከጫፉ ይዛ ቀስ እያለች ታዘነብለዋለች። ጠብታዋ ስትለቅ ራሷን ትነቀንቃለች። ወደ ጎመኑ ትሄዳለች፣ ወደ ጫቱ ትሄዳለች፣ እንደገና ትመለሳለች።

ዘይባ በአጥሩ ክፍተት በኩል ገባች። ዘይባ ጎረቤታችን ናት። በሰፈሩ አራስ የምታርሰው፣ ሕፃን የምታጥበው እሷ ናት፤ ሙባሪክንም ፈቲሀንም መጀመሪያ ገላቸውን ያጠበቻቸው እሷ ናት። ምላሷ ግን ማንንም አይምርም።

«አሰላሙ አለይኩም። ልጅቷ ምን ነካት፣ ከድጄ? እንሰት መርፌ ትወጋ ጀመር?»

«ወአለይኩሙ ሰላም። ሒሳብ ነው» አልኳት።

«የመመረቂያዬ ሥራ ነው፣ እማማ ዘይባ» አለች ፈቲሀ ዓይኗን ሳታነሳ። «ጠብታ በቅጠል ላይ እንዴት እንደምትሄድ በሒሳብ መጻፍ።»

«ወደ ታች ነዋ የምትሄደው። ለዚህ ወልቂጤ ድረስ ምን አስኬደሽ? ከአጥሩ ማዶ ሆነሽ ብትጠይቂኝ እነግርሽ አልነበር?»

ሙባሪክ ከጫቱ መሀል ሳቀ። አባቱ ካለፈ በኋላ ከእንሰቱ ግማሹን ነቅሎ ጫት ተክሎበታል፤ የጫቱ ረድፍ እስከ ቀሪው እንሰት ሥር ድረስ ይመጣል። «አይንኳት፣ እማማ። ዶክተር ጠብታ ናት» አለ።

ፈቲሀም ሳቀች። «ወደ ታች መሄዷንማ አውቃለሁ። መቼ እንደምትነሳና በየት እንደምታልፍ ነው ጥያቄው። ተመልከቱ።» አንዲት ጠብታ አስቀመጠች። «ይህችን ሦስት ነገር ይጎትታታል። ክብደቷ ወደ ታች ይስባታል። ቅጠሉ ደግሞ አልለቅም ይላታል። ውሃዋ ራሷ ደግሞ መሰብሰብ፣ መክበብ ነው የምትፈልገው። ቅጠሉ ሲዘነብል እስከ ሆነ ልክ ድረስ ትታገሣለች። ከዚያ ትለቃለች። ከለቀቀች በኋላ መንገዷ ላይ ያሉትን ትንንሾች ትውጣለች፣ ትወፍራለች፣ ትፈጥናለች፣ ያለፈችበትን አቧራ ሁሉ ጠርጋ ትሄዳለች። እኔ ያንን ልክ ነው የምፈልገው፣ በቁጥር።»

«አግኝተሽው ምን ልታደርጊበት?» አለች ዘይባ።

«እስካሁን አላውቅም።»

«ማሻአላህ። እሷ አታውቅ፣ እኔ አላውቅ፣ ጠብታዋ አታውቅ። እኩል ነን።»

ሙባሪክ መርጫውን ከጀርባው አውርዶ ቀረበ። «እንግዲያው እኔ ሥራ ልስጥሽ። የምረጨው መድኃኒት ጫቱ ላይ አይቆምልኝም። ተንከባሎ መሬት ይገባል። ትሉ ይስቅብኛል።»

ፈቲሀ የጫት ቅጠል ቀጥፋ በፀሐይ አየችው። «ያንጸባርቃል። ሰም አለው። ውሃ እንዲህ ያለውን ይሸሻል። ሳሙና ጨምርበት፤ ጠብታዋ መክበቧን ትታ ትዘረጋለች፣ ትለጠፋለች።»

«የምን ሳሙና?»

«የዱቄቱም ይሆናል። ትንሽ ብቻ።»

ቤት ገብታ በብርጭቆ ሳሙና በጥብጣ መጣች፤ አሳየችው። እውነትም ጠብታዋ ቅጠሉ ላይ እንደ ቅባት ተዘርግታ ቀረች። ቅጠሉን ገልብጣ አርገፈገፈችው፣ አልወረደችም። ፈቲሀ ፊቷ በራ። የሙባሪክ ደግሞ ከእሷ የበለጠ።

«አየሽ እማ? መንግሥት የሚቀልባት ለከንቱ አይደለም።»

እኔ የያዘኝ ሌላ ነበር። «አፍህን ሳትሸፍን አትርጭ» አልኩት። የዘወትር ንግግሬ ስለሆነ ማንም አልሰማኝም። ፈቲሀ ወደ ትምህርቷ ተመለሰች።

የሙባሪክ ሚስት ሰፍያ በመጋቢት ወለደች። ሴት ልጅ። የበኩር ልጃቸው ናት፤ ትንሽ፣ ጥቁር ፀጉር ያላት፣ ስታለቅስ ድምፅዋ እንደ ጫጩት። ስም ገና አልወጣላትም፤ እንደኛ ወግ በሰባተኛው ቀን ነው የሚወጣው። እስከዚያ ድረስ እንዲያው ልጅቷ ነበር የምንላት።

በእኛ ቤት አንድ ልማድ ነበረ። የባሌ እናት ያመጣችው ነው፤ እሷም ከእናቷ። ሌላ ቤት ሲያደርጉት አላየሁም። አራስ ቤት እያለች ደመና ከከበደ፣ የእንሰቱ ትልቁ ቅጠል ጫፉ ወደ ታች ይታሰርና ከሥሩ ማሰሮ ይደረጋል። ማሰሮው ዝናቡን መቅደም አለበት። ከሰማይ መጀመሪያ የወረደው፣ ምድር ያልነካው ውሃ ነው የሚፈለገው። በእሱ ሕፃኑ ይታጠባል፣ ለእናትየው አጥሚት ይበጠበጣል። ዘይባ የባሌን እናት በጣም ትወዳት ስለነበር ልማዱን ከእኛ ይልቅ የምትጠብቀው እሷ ናት። በዚያ ቀን ሰማዩ ሲጠቁር እየተጣደፈች መጥታ ቅጠሉን በልጥ አሰረች፣ ማሰሮዋን አስተካክላ አስቀመጠች፣ ወደ ሰማይ አንጋጣ «በል እንግዲህ» አለችው፣ ባለዕዳዋን እንደምታናግር።

ሙባሪክ በዋዜማው ጫቱን ረጭቶ ነበር። ደረቅ ሰሞን ስለነበር ትሉ በዝቷል። ነፋሱም ወደ ቤት በኩል ይነፍስ ነበር፤ ሽታው መስኮት ዘግተን እንኳ ይገባ ነበር። ማንም ከማሰሮዋ ጋር አላያያዘውም። ልማዱ ከመርጫው በፊት የተወለደ ነው፤ ስለ መርጫ የሚያውቀው ነገር የለውም።

ዝናቡ ጣለ። አጭር፣ ጠንካራ ዝናብ ነበር። ውሃው በቅጠሉ መሀል ጅማት ተሰብስቦ እንደ ክር እየወረደ ማሰሮዋን ሞላት። ዘይባ ለብ አድርጋ ልጅቷን ከራሷ ጀምራ «ቢስሚላህ» እያለች አጠበቻት። ለሰፍያም አጥሚቱን በዚያው ውሃ ሠራችላት።

ፈቲሀ የደረሰችው ልክ በዚያ ሰዓት ነው። ልጅ ልትጠይቅ በአገና በኩል መጥታ፣ ከአስፓልቱ ጭቃውን በእግሯ ወጥታ፣ ጫማዋን በእጇ ይዛ። ሰላም ተባባልን። ሳልጠግባት ደጋግሜ ጉንጯን ሳምኳት፤ መንገድ ላይ ሳለች የፈራሁት ሁሉ ያኔ ወጣልኝ። ሰፍያ አልጋው ላይ ኩባያዋን ይዛ ፉት ትላለች፤ ዘይባ ልጅቷን ጠቅልላ ለፈቲሀ ሰጠቻት።

«እንኪ፣ ዶክተር ጠብታ። ይህችንም ለኪያት።»

ፈቲሀ እየሳቀች አፍንጫዋን የሕፃኗ ፀጉር ውስጥ ቀበረች። ከዚያ ቀና አለች።

«በምን ሳሙና ነው ያጠባችኋት?»

«ሳሙና?» አለች ዘይባ። «የአራስ ልጅ በሳሙና? አላበድኩም። በቅጠሉ ውሃ ብቻ ነው።»

«ሳሙና ይሸታል።»

«ከአንቺ ይሆናላ። እናንተ የከተማ ሰዎች።»

ፈቲሀ ልጅቷን ለእኔ አስታቀፈችኝና ወደ ጓሮ ወጣች። ማሰሮዋ ላይ ጎንበስ ብላ አየኋት። በማሰሮዋ አንገት ዙሪያ ነጭ አረፋ፣ ልብስ ታጥቦበት እንደተረፈ ውሃ ያለ፣ ስስ አረፋ ነበር። በጣቷ ነካችው። ስትመለስ ፊቷ የእሷ ፊት አልነበረም። ኩባያውን ከሰፍያ እጅ ወሰደችው። ከግማሽ በላይ ተጠጥቷል።

«ሙባሪክ መቼ ነው የረጨው?»

«ትናንት ከሰዓት» አለች ሰፍያ። «ምነው?»

«ውሃው ውስጥ መድኃኒቱ አለ።»

«እሱ የሚረጨው ጫቱን ነው» አለች ዘይባ፣ ቆጣ ብላ። «ከእንሰቱ ምን አገናኘው?»

«ነፋሱ ወስዶታል። ሳሙና ስላለበት ቅጠሉ ላይ ደርቆ ተለጥፏል። ዝናቡ ሲመጣ የመጀመሪያዎቹ ጠብታዎች ናቸው ጠርገውት የሚወርዱት። የመጀመሪያዎቹ ናቸው፣ እማማ ዘይባ። ማሰሮዋ ደግሞ የመጀመሪያዎቹን ነው የጠበቀችው።»

ዘይባ ልጅቷን ያጠበችበትን እጇን በቀሚሷ ትጠርግ ጀመር።

ከጀሪካኑ የቧንቧ ውሃ ቀድተን ልጅቷን ደግመን አጠብናት፣ ልብሷን ወደ ውጭ ጣልነው። ሰፍያ ማስመለስ ጀመረች። የያዛት ፍርሃቱ ይሁን መርዙ ማን ያውቃል፤ ላቧ ይንጠባጠባል፣ ሆዷን ይዛ ትጎብጣለች። በዚህ መሀል ክንዴ ላይ ያለችው ልጅ እየከበደችኝ መጣች። የተኛ ልጅ እንደሚከብደው ነው፣ ግን አልተኛችም። ከአፏ ለሃጭ ይወርዳል። ጡት ወደ አፏ ብናስጠጋላት አልያዘችም። ሰፍያ ጡቷን ይዛ «እንኪ እንጂ፣ እንኪ እንጂ» ትላለች። እኔ አንድ ነገር ብቻ እያልኩ ነበር፤ ያ አላህ፣ ስም እንኳ አልወጣላትም።

ሙባሪክን ከማሳው አስጠራነው። ፈቲሀ «መድኃኒቱን ከነዕቃው አምጣ» አለችው። ይዞት የመጣው የውሃ ፕላስቲክ ጠርሙስ ነው፤ ከትልቁ ዕቃ ተቀንሶ ከገበያ የተገዛ፣ ምንም ያልተጻፈበት። በባጃጅ ተሳፍረን ወደ ሆስፒታል ሄድን። ሰፍያ ከጎኔ፣ ልጅቷ ጭኔ ላይ፣ ፈቲሀ ሙባሪክን ከሾፌሩ ጎን አስቀምጣ እሷ እግራችን ሥር ተቀምጣ የሕፃኗን ደረት በእጇ ይዛ። ጭቃ ላይ ባጃጁ በተንሸራተተ ቁጥር «ትተነፍሳለች፣ ትተነፍሳለች» ትላለች። ለእኛ ይሁን ለራሷ አላወቅኩም።

የተቀበለችን ሐኪም ወጣት ሴት ናት። ጠርሙሱን ከፍታ ከሩቅ አሸተተችና ፊቷን ጨፈገገች። ፈቲሀ መናገር ጀመረች፤ ማሰሮዋ ይህን ያህል ትይዛለች፣ ቅጠሉ ይህን ያህል ነው፣ መርጫው ውስጥ የገባው መጠን ይህን ያህል ከሆነ።

«እህቴ» አለቻት ሐኪሟ፣ በልስላሴ። «እሱን በኋላ። እኔ የማየው ዓይኗን ነው።» የሕፃኗን ሽፋሽፍት ገልጣ በትንሽ ባትሪ አበራች። እኔም አየሁ። የዓይኗ ብሌን እንደ መርፌ ጫፍ ጠቧል። ሐኪሟ ለነርሷ የመርፌ ስም ጠራች፣ ቶሎ በይ አለቻት። ነርሷ ካርድ እየጻፈች የልጅቷን ስም ጠየቀችን። እርስ በርስ ተያየን። ማንም ደፍሮ ስም አልጠራም። ካርዱ ላይ «የሰፍያ ሕፃን» ተብሎ ተጻፈ።

ሰፍያንና ልጅቷን ውስጥ አስቀርተው እኛን ከበር ውጭ አደረጉን። አግዳሚው ወንበር ላይ ተቀመጥን። ፈቲሀ በጣቷ መዳፏ ላይ ትጽፋለች። ትጽፍና በሌላው እጇ ታብሰዋለች፣ የተጻፈ ነገር ሳይኖር። እጇን ያዝኩት።

«ምንድን ነው የምትሠሪው?»

«ስንት እንደገባባት ላውቅ ነው። አልሆን አለኝ፣ እማ። ሒሳቤን የሠራሁት ለንጹሕ ውሃ ነው። ለአንዲት ጠብታ፣ ለንጹሕ ውሃ። ሳሙና የለበትም። ነፋስ የለበትም። ሰው የለበትም።»

ሙባሪክ ግድግዳውን ተደግፎ ቆሞ ነበር።

«ሳሙና ጨምር ያልሽኝ አንቺ ነሽ።»

«እኔ ነኝ» አለች።

ሌላ ነገር ትላለች ብሎ የጠበቀ ይመስለኛል። ትከራከራለች፣ ትንሽ ነው ያልኩህ ትላለች፣ ነፋስ ባለበት ርጭ አላልኩህም ትላለች። አላለችም። ሁለቱን ያሳደግኩ እናት ነኝና በመሀላቸው ተቀምጬ ሌላ ፍርሃት ያዘኝ። የዚያች ልጅ ትንፋሽ ከቆመ እነዚህ ሁለቱ ዳግም ከአንድ ሳህን አይበሉም። አንዷን ሳይሆን ሦስቱን ነው የማጣው።

ዘይባ በእግሯ መጣች። ባጃጁ ውስጥ ቦታ አልነበራትምና ያን ጭቃ ሁሉ በእግሯ ነው የመጣችው። የሙባሪክን ቃል ሰምታ ኖሮ ፊቱ ቆመች።

«እሷን ምን ትላታለህ? ቅጠሉን ያሰርኩት እኔ ነኝ። ያጠብኳትም በዚህ እጄ ነው። የምትናገረው ካለህ ለእኔ ተናገር።» እጇን ዘረጋችለት።

ሙባሪክ እጇን አየው። ከዚያ ወለሉ ላይ ቁጭ አለ፣ እንደ ልጅነቱ፣ ራሱን ጉልበቱ ውስጥ ቀብሮ። «የረጨሁት እኔ ነኝ» አለ። «ነፋሱን አይቼዋለሁ። ጫቱ ለገበያ እንዲደርስ ነው የቸኮልኩት።» ፈቲሀ ከወንበሩ ወርዳ ከጎኑ ተቀመጠች። አልተነካኩም፤ አብረው ግን ተቀመጡ። እንዲያ ሆነን አደርን።

ሊነጋጋ ሲል ከውስጥ ድምፅ ሰማን። የጫጩት ድምፅ። ሁላችንም ተነሳን፣ ማናችንም ወደ በሩ አልሄድንም። ሐኪሟ ራሷ ወጣች፤ ዓይኗ ቀልቷል። «ጡት ይዛለች» አለች። «እናትየውም ደህና ናት። ግን ገና አንለቃችሁም። ትንፋሿን እንጠብቃለን።» ዘይባ እዚያው ኮሪደሩ ላይ በግንባሯ ሱጁድ ወረደች፤ ለመነሳት ሁለት ሰው አስፈለጋት።

ስሟ የወጣው ከሆስፒታል ከተመለሱ በኋላ ነው፣ ቀኑ አልፎ። ሃፊዛ አልናት። በግ ታረደ፣ ሰው ተጠራ፣ ግን ምግቡን በእንሰት ቅጠል አላቀረብንም። ማንም አላዘዘም፤ የሚቆርጠው ሰው ግን አልተገኘም።

ፈቲሀ በዚያ ዓመት አልተመረቀችም። ሥራዋን ከሥሩ አፍርሳ እንደገና ጀመረችው፤ ሳሙና ያለበትን ጠብታ። መምህሯ አንቺ የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪ ነሽ፣ ይህ ይከብድሻል፣ የበፊቱ በቂ ነው ብሏት ነበር አሉ። እምቢ አለች። ከጓደኞቿ አንድ ዓመት ዘግይታ ተመረቀች። ተራራውን እየፈራሁ ወልቂጤ ሄጄ አየኋት፤ ጥቁሩን ቆብ ደፍታ ስትስቅ ያ የልጅነቷ ፊት ለአፍታ ተመልሶ ነበር። «ልኩን አገኘሽው?» አልኳት። «የተወሰነውን» አለችኝ። «ሳሙና ያለበት ደርቆ ከተለጠፈ በኋላ ዝናብ እስኪመጣ ይጠብቃል። ስንት ዝናብ እንደሚያጥበው ግን እርግጠኛ አይደለሁም።» ድሮ እርግጠኛ አይደለሁም የሚል ቃል ከአፏ ወጥቶ አያውቅም ነበር።

አሁን ቡታጅራ ሒሳብ ታስተምራለች። እኛው ዘንድ ነው የምትኖረው። ሙባሪክ ከቤቱ አጠገብ ያሉትን የጫት ረድፎች ነቅሎ እንሰቱን መልሷል። ከዚያ ወዲያ ያለውን ጫት አልነቀለም፤ ቤተሰቡ ከሱ ነው የሚበላው። ሲረጭ አፉን ይሸፍናል፣ ነፋስ ካለ ይተወዋል፣ ከረጨ በኋላ ገላውን ሳይታጠብ ልጁን አያቅፍም። አንዳንዴ እየረጨ ቆም ብሎ በእጁ ነፋሱን ሲለካ አየዋለሁ፤ የሌለ ነፋስ ሲፈልግ።

ዘይባ ሕፃን ማጠብ ትታ ነበር። «እጄ ይፈራል» ትላለች። ሰው ሲለምናት እምቢ ማለት ከበዳትና ተመለሰች፤ ግን የሚታጠቡበትን ውሃ በጆግ ይዛ መጀመሪያ ወደ እኛ ቤት ትመጣለች።

«ዶክተር ጠብታ፣ አሽትቺልኝ።»

«የቧንቧ ነው፣ እማማ ዘይባ። ደህና ነው።»

«አሽትቺው ነው ያልኩሽ። ከየት እንደተቀዳማ እኔም አውቃለሁ።»

ፈቲሀ ታሸታለች። ዘይባ ጆጓን ተቀብላ ትሄዳለች።

ማሰሮዋ ከጓሮ በር አጠገብ ተደፍታለች። ማን እንደደፋት አላስታውስም። ባዶ ስለሆነች ዝናብ ሲመታት ትጮኻለች። የባሌ እናት ዕቃ ናትና መጣሉ አልሆነልኝም፤ ቀና ማድረጉም አልሆነልኝም። አንዳንዴ የዚያ ውሃ ጣዕም ትዝ ይለኛል። ሙባሪክን ስወልድ የጠጣሁት ነው። ለስላሳ ነበር፣ የቅጠል ሽታ ነበረው፣ ስጠጣው የሚፈራ ነገር በዓለም ላይ ያለ አይመስለኝም ነበር።

ባለፈው ሰሞን እንዲሁ ሰማዩ ጠቆረ። ፈቲሀ የተማሪ ደብተር ታርም ነበር፤ ቀና አለች።

«ሃፊዛ የታለች?»

ያን ጊዜ አጠገባችን አልነበረችም። ጓሮ በር ላይ ቆማ ዝናቡን ትጠብቅ ነበር። እኛ ስንደርስ የመጀመሪያዎቹ ጠብታዎች ወርደዋል። ሃፊዛ አገጯን በእጇ ደግፋ የእንሰቱን ቅጠል ታያለች።

«ቲያ፣ የትኛዋ ትቀድማለች?» አለቻት። ፈቲሀን የምትጠራት እንዲህ ነው።

ፈቲሀ ቅጠሉን አየችው። ብዙ አየችው። ከድሮ ጀምሮ ይህን ጥያቄ ተሳስታ አታውቅም።

«አላውቅም፣ የኔ ልጅ» አለች።

«እኔ አውቃለሁ። ያቺ» አለች ሃፊዛ፤ ከቅጠሉ ጫፍ የለቀቀችውንም ጠብታ መሬት ሳትደርስ በመዳፏ ተቀበለቻት።

ፈቲሀ በአንድ እርምጃ ደረሰች። አልተቆጣቻትም። ተንበርክካ ትንሿን መዳፍ ያዘች፣ በሻርፗ ጫፍ ጣት በጣት እያደረገች አደረቀቻት፣ ወደ ቤት መራቻት። ከዚያ ሻርፗን ወደ አፍንጫዋ አስጠጋች። ዝናቡ ማሰሮዋን ይደበድባል። ደግማ አሸተተች።

«ምንም የለውም፣ እማ» አለችኝ።

እጄን ዘረጋሁ። ሻርፑን ሰጠችኝ፤ እኔም አሸተትኩት።